የዲሲ ጃክ ጠፍጣፋ እግር፦ ክብ ቀዳዳ ይበቃል ወይስ ሞላላ?

የአዘዞው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ለጫጩት መፈልፈያ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቦርድ በኪካድ (የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መሳያ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። 12 ቮልቱ የሚገባበትን ዲሲ ጃክ ፒያሳ ገዛሁ። ሦስት እግር አለው፣ ሁሉም ጠፍጣፋ ናቸው። በካሊፐር ስለካቸው 2.5 በ0.5 ሚሊ ሜትር ወጡ። ያወረድኩት ፉትፕሪንት (እግሮቹ ቦርዱ ላይ የሚያርፉበት ንድፍ) ግን ክብ ቀዳዳ ነው ያለው። አንዱ ጓደኛዬ «ክቡን አስፋውና ተገላገል» ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ የቦርዱ ጠርዝ በሚሳልበት ሌየር ላይ አራት ማዕዘን ሳልበት ይላል። ቦርድ ቻይና ታዝዞ ጎንደር እስኪገባ ያለውን ጣጣ ታውቁታላችሁ፣ ከመላኬ በፊት ነው የምጠይቀው። የትኛው ይሻላል?

ሊድና ጭስ፦
ሁለቱም ይቅሩብህ። ያ እግር ከማዕዘን ማዕዘን 2.55 ገደማ ስለሆነ ክብ ካደረግከው 2.7 ቀዳዳ ያስፈልግሃል። ያን ያህል ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ 0.5 ውፍረት ያለው እግር ስትከት ግራና ቀኙ ባዶ ነው። የብየዳው ሊድ ቁልቁል ይፈሳል፣ ጃኩም ይወዛወዛል። ሰው ገመዱን በሰካና በነቀለ ቁጥር ደግሞ ጉልበቱ የሚያርፈው እሱው ብየዳ ላይ ነው።

ጠርዝ ሌየር ላይ የሳልከውን ፋብሪካው ተራ መቁረጫ መስመር ነው የሚመስለው። ብዙ ጊዜ የቀዳዳው ግድግዳ መዳብ ሳይለብስ ይመጣል። ባለ ሁለት ፊት ቦርድ ከሆነ የላይኛውና የታችኛው ፓድ (እግሩ የሚበየድበት መዳብ) አይገናኙም ማለት ነው።

ቀዳዳው የፓዱ ይሁን። ፉትፕሪንት ኤዲተር ውስጥ ፓዱን ከፍተህ የቀዳዳውን ቅርጽ ከክብ ወደ ኦቫል ቀይር፣ 3.0 በ1.0 ስጠው። ፓዱንም ኦቫል አድርገህ 4.0 በ2.0። ዙሪያውን ግማሽ ሚሊ መዳብ ይተርፍሃል፣ ለጃክ ጥሩ ነው።

ማራኪ ሰፈር፦
የእግሩ ማዕዘን ሹል ነው፣ የሞላላው ጫፍ ግን ክብ ነው፣ አይነካካም?

ሊድና ጭስ፦
ጥሩ ጥያቄ። ቀዳዳውን የሚከፍተው ክብ ፑንታ ስለሆነ ሹል ማዕዘን ያለው ቀዳዳ ብትስልም አይወጣልህም። በ3.0 በ1.0 ግን ይገባል፤ ጫፉ ላይ የግማሽ ክቡ ራዲየስ 0.5 ነው፣ የእግሩ ማዕዘን ከዚያ መሀል 0.35 ነው የሚርቀው። 2.6 በ0.6 ብለህ ብታጠበው ኖሮ ማዕዘኑ ይይዝ ነበር። ርዝመቱ ደግሞ ቢያንስ የስፋቱ እጥፍ ይሁን፣ አጭር ሞላላ ላይ ፑንታው ይንሸራተታል። ፋብሪካው የሚቀበለውን ዝቅተኛ የቀዳዳ ስፋትም ድረ ገጹ ላይ እይ። ዩኤስቢ ሲ ላይ የቆርቆሮው እግር ቀዳዳ 0.6 አካባቢ ስለሚሆን እዚያ ላይ ነው ጭቅጭቁ።

የአዘዞው ልጅ፦
ገባኝ። የጎኑ እግር ግን ከሌሎቹ ጋር ተሻግሮ ነው የቆመው። እሱን እንዴት ላድርገው?

ቅዳሜ ገበያ፦
ወይ የቀዳዳውንና የፓዱን የኤክስና የዋይ ልክ አቀያይር፣ ወይ ፓዱን 90 ዲግሪ አዙር። ሁለቱንም ካደረግክ ወደ ነበረበት ይመለሳል 😂

የድሪል ፋይሉን (ለፋብሪካው ቀዳዳዎቹን የሚነግረውን) ስታወጣ ኪካድ ለሞላላ ቀዳዳ ምርጫ ይሰጥሃል። «ሩት» የሚለውን ምረጥ፣ እሱ ነው የሚመከረው። ከዚያ ፋይሉን ገርበር መመልከቻ (ለፋብሪካ የሚላኩ የቦርድ ፋይሎችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ክፈተውና ቀዳዳዎቹን በዓይንህ እያቸው። ክብ ሆነው ከታዩህ አትላክ።

ከሁሉም በፊት ግን ወረቀት ላይ አትመው። 100 ፐርሰንት ይሁን፣ «ከገጹ ጋር አመጣጥን» የሚለውን አጥፋ። ወረቀቱን ካርቶን ላይ ዘርግተህ ጃኩን ጫን ስታደርገው ሦስቱም እግሮች በተሳለው ሞላላ ውስጥ መብሳት አለባቸው። አንዱ መስመሩን ከነካ ስክሪኑን አትመን፣ ወረቀቱን እመን።

ማራኪ ሰፈር፦
ቤት ውስጥ በፌሪክ ክሎራይድ (መዳብ የሚበላ ኬሚካል) ቦርድ የምንሠራውስ?

ሊድና ጭስ፦
በ1 ሚሊ ፑንታ ሁለቱን ጫፍ ብሳ፣ መሀሉን ጨምር፣ የቀረውን በቀጭን ሞረድ አገናኝ። ፓዱን ትንሽ አስፋው፣ ሞረዱ መዳቡን ስለሚልጠው። ለፋብሪካ በሚላክ ፋይል ላይ ግን ክብ ቀዳዳ በክብ ላይ ደራርባችሁ እንዳትልኩ፣ ፑንታ ይሰብራል እያሉ ይመልሱታል።

የአዘዞው ልጅ፦
አተምኩት። ሁለቱ ልክ ገቡ፣ የጎኑ ወደ 0.3 ሸሽቷል። እሱን አስተካክዬ ነገ እልካለሁ።

ቅዳሜ ገበያ፦
ከመላክህ በፊት ያንኑ ጃክ የሚበቃህን ያህል ገዝተህ አስቀምጥ። ሱቁ በሚቀጥለው ሌላ ዓይነት ካመጣ እግሩ እዚያው ልክ ላይ ላይሆን ይችላል።