ረጅም የሳይክል ጉዞ በራሳችሁ ለምትወጡ፦ የቱን ኢንሹራንስ ልግባ ላላችሁኝ (ጥቆማ)

ሰሞኑን ስለዚህ ነገር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለን። ጥያቄው ክለብ ሳያዘጋጅላችሁ መንገዱንም ቀኑንም ራሳችሁ መርጣችሁ 200፣ 300 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ሕጉ ምንድነው፣ ኢንሹራንሱስ የቱ ይሻላል ነው።

እኔ የምመክረው መጀመሪያ የሦስተኛ ወገን ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ። ብዙ ልጆች ሳይክላቸው እንዳይሰረቅ ነው ሮጠው የሚገቡት፣ ይገባኛል ውድ ነው፣ ግን ሳይክል ቢሰረቅ ያጣኸው ሳይክል ነው፣ እግረኛ ገጭተህ እግሩ ቢሰበርና ለወራት ከሥራ ውጪ ቢሆን ግን የሚጠየቅህ ገንዘብ የት እንደሚቆም አታውቅም። አብሮኝ የሚነዳ ልጅ ብሬቬት (በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የሚጨረስ ረጅም የሳይክል ጉዞ) ላይ እያለ ቁልቁለት ላይ አንድ ሰውዬ ገጭቶ ኢንሹራንሱ ጋ ሲደውል የመጀመሪያው ጥያቄ "ውድድር ላይ ነበርክ ወይ?" ነበር። ሰዓት ስለሚያዝ ብቻ ውድድር ነው ብለው ሊያስቀሩበት ነበር እኮ። ያዳነው ደንቡን አውጥቶ ማሳየቱ ነው፣ ብሬቬት አንደኛ ሁለተኛ የለውም፣ ሰዓቱ ውስጥ የገባ ሁሉ እኩል ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት "ሰዓት የተወሰነለት ግን ውድድር ያልሆነ ጉዞ ይሸፍናል?" ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡት። በስልክ "አዎ ይሸፍናል" መባል ለምንም አይሆንም።

ከየት ይገዛ ለምትሉ፣ የረጅም ጉዞ ወይም የሳይክል ማኅበር አባልነት ውስጥ የሦስተኛ ወገን ተካቶ የሚሰጥ ከሆነ እኔ እሱን አስቀድማለሁ፣ የምንነዳው ነገር ምን እንደሆነ ያውቁታል። ግን አንድ ነገር አለ፣ አንዳንዱ የሚሸፍነው በማኅበሩ የተመዘገበ ጉዞ ላይ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሱቅ ስትሄድም ይሠራል። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ሳትነሳ መመዝገብ ግድ ነው፣ ነድተህ ከተመለስክ በኋላ "ይቆጠርልኝ" ቢባል አይሆንም። የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ያላችሁም እዩት፣ አንዳንዴ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ውስጡ አለ። ድንበር የምትሻገሩ ከሆነ የጉዞ ኢንሹራንስ ጨምሩ፣ ሕክምናንና ወደ አገር መመለስን የሚይዝ፣ ሳይክልን በስም የሚጠቅስ።

ሕጉን በተመለከተ የፈረንሳዩ የረጅም ሳይክል ጉዞ ክለብ፣ የኦዳክስ ክለብ ፓሪዚየን፣ የብሬቬት ሰዓት ለብቻም ለምትነዱ ጥሩ መለኪያ ነው፦ 200 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ተኩል፣ 300 በ20፣ 400 በ27፣ 600 በ40 ሰዓት። እንቅልፉም ምሳውም የፈነዳ ጎማ መቀየሩም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ማታ ከሳይክሉ ጋር የታሰረ የፊትና የኋላ መብራት፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ። የዚሁ የብሬቬት ደንብ ራሱ ተሳታፊው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ይኑረው ይላል። ለመብራት የምመርጠው ጎማ መሐል የሚገባውን፣ ጎማው ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዳይናሞ ነው፣ በባትሪ የሚሠራው ረከስ ይላል ግን 400 ላይ ንጋት ሳይደርስ ሊሞትባችሁ ይችላል፣ ያኔ መብራት ሳይኖራችሁ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ጥያቄ ያነሳል።

መንገዱን መንዳታችሁን ለሚያሳይ ማስረጃ ስልክ ወይስ ጂፒኤስ? 200 ላይ ስልክ ከፓወር ባንክ ጋር ይበቃል። ከዚያ በላይ ግን ለብቻው የሚሠራ ጂፒኤስ ግዙ፣ ስልኩ ለአደጋ ጊዜ ባትሪ ይኑረው። ቀንና ሰዓት ያለበት ደረሰኝም በየማረፊያው ያዙ፣ ወረቀቱ በላብ ቶሎ ስለሚደበዝዝ እዚያው ፎቶ አንሱት።

አንድ የጠየቀችኝ እህት ደግሞ ብቻዋን ማታ ስለምትነዳ ምን ትያዝ ብላለች። እህቴ፣ የፖሊሲ ቁጥርሽን፣ የኢንሹራንሱን የአደጋ ስልክ፣ የቤተሰብ ስልክና የደም ዓይነትሽን በወረቀት ጽፈሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ጀርባ ኪስሽ ውስጥ አድርጊ። ስልክ ሲወድቅ ይሰበራል፣ ሲሰበር ደግሞ የሚያገኝሽ ሰው ማን እንደሆንሽ በምን ያውቃል። መንገዱን ለአንድ ሰው ላኪ፣ በስንት ሰዓት ካልደወልሽ መፈለግ እንደሚጀምርም ተስማሙ።