ራስ ደጀን በኅዳር፦ አምስት ቀን ይበቃል ወይ?

ጀማሪ ተጓዥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኅዳር መጨረሻ አራት ሆነን ራስ ደጀን ለመውጣት አስበናል። ሁለታችን አዲስ አበባ ነን፣ ሁለቱ ከዱባይ ይመጣሉ። እግራችን ደህና ነው፤ አራት ሺህ ሜትር ግን ማናችንም ደርሰን አናውቅም። ያወጣነው ዕቅድ ይህን ይመስላል፦ ሰኞ በአውሮፕላን ጎንደር፣ በዚያው ቀን በመኪና ደባርቅን አልፎ ጨነቅ ካምፕ ማደር፤ ማክሰኞ አምቢቆ መንደር፤ ረቡዕ ጫፍ ደርሶ መመለስ፤ ሐሙስ ጨነቅ፤ ዓርብ ጎንደር። አምስት ቀን ይበቃል? ካስፈለገ እስከ ስምንት ልናራዝመው እንችላለን። ለአራት ሰው ስንት በቅሎ ያስፈልጋል? ብርዱስ የምር ያን ያህል ነው?

ጅብራ፦
ዕቅዳችሁ የሚበላሸው ጫፉ ላይ ሳይሆን የመጀመሪያው ሌሊት ጨነቅ ላይ ነው። ከዱባይ የሚመጡት ከባሕር ጠለል ተነሥተው በአንድ ጊዜ 3,620 ሜትር ላይ ሊያድሩ ነው፤ የከፍታ ሕመም የሚመጣው እንዲህ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታን በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የተለመደ መመሪያ ነው። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወርዶ መተኛት ግን ችግር የለውም፣ እንዲያውም ይጠቅማል።

አሁን ደግሞ ካርታው ላይ በደንብ የማይታየው ነገር። ከጨነቅ አምቢቆ ማለት ሜዳ ለሜዳ መሄድ አይደለም። በቧሂት ተራራ በኩል ወደ 4,200 ሜትር ትወጣላችሁ፣ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ትወርዳላችሁ፣ ከወንዙ እንደገና ወደ አምቢቆ 3,200 ትወጣላችሁ። ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ስትመለሱ ደግሞ ያንኑ 1,400 ሜትር ከመሸሃ ወደ ላይ ነው፤ ያውም ጫፉን በወጣችሁ ማግስት። ብዙ ሰው ከባዱ ቀን የጫፉ ቀን ይመስለዋል፤ ጉልበት የሚጨርሰው ግን የመመለሻው ቀን ነው።

ከዚህ የሚብሰው፣ አምቢቆ ላይ ሰው ቢታመም «ውረድ» የሚለው ምክር የሚሠራው እስከ መሸሃ ድረስ ብቻ ነው። ወደ ጨነቅ ለመውጣት የግድ 4,200ውን ማለፍ አለበት። ስለዚህ «እንቀጥል ወይስ እንመለስ» የሚለው ውሳኔ መኪና በሚደርስበት በጨነቅ ያልቃል። ጨነቅ ላይ ጠዋት ራሱን እያመመው፣ ምግብ እያስጠላው የተነሣ ሰው ወደ አምቢቆ አይሄድም። በቃ።

ስምንቱን ቀን እንዲህ አድርጉት። አንደኛው ቀን ደባርቅ እደሩ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ነው፤ የፓርኩን ወረቀት፣ መሪና ስካውት (መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂ) እዚያው ትጨርሳላችሁ። በሁለተኛው እስከ ቡይት ራስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሳንቃ በር (3,250)። በሦስተኛው የጅንባርን ፏፏቴ አይታችሁ ግጭ (3,600)። አራተኛው ቀን የጉዞው ጌጥ ነው፦ እመት ጎጎ 3,926 ሜትር፣ ከዚያ እናትዬ 4,070፣ ወርዳችሁ ጨነቅ ማደር። ሰውነት የሚለምደው ያን ቀን ነው፣ በመኪና አትዝለሉት። አምስተኛው አምቢቆ፣ ስድስተኛው ጫፍ፣ ሰባተኛው ጨነቅ፣ ስምንተኛው ጎንደር። የመመለሻ በረራችሁን በስምንተኛው ማታ ሳይሆን በማግስቱ ቁረጡ።

በቅሎ ቤት፦
የበቅሎውን ልመልስ። አንድ የጭነት በቅሎ 45 ኪሎ ያህል ነው የሚጫነው። እናስላው፦ የአራታችሁ ሻንጣ በነፍስ ወከፍ 12 ኪሎ፣ 48። ድንኳንና ፍራሽ 25። የወጥ ቤት ዕቃ፣ ምድጃና ላምባ 30። ምግብ ለሰባት ሰው (እናንተ፣ መሪ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ) በቀን 0.8 ኪሎ ለስድስት ቀን፣ 34 ገደማ። ድምሩ 137 ነው። በሦስት በቅሎ ሲጫን ትርፍ ክብደት ስለሚሆን አራት ያዙ። በዚያ ላይ አንድ የመቀመጫ በቅሎ ጨምሩ፤ ጅብራ ያለው የመሸሃ ዳገት ላይ ጉልበቱ የከዳው ሰው ይቀመጥበታል። ለዚያ ቀን ብቻ አምቢቆ ላይ ፈልጎ ማግኘት ላይሆን ይችላል። ሒሳቡን ስትነጋገሩ የነጂዎቹ የመመለሻ ቀን ይታሰብ አይታሰብ ከደባርቅ ሳትነሡ ለዩት፤ መጨረሻ ላይ ክርክር የሚነሣው በእሱ ነው። ዝርዝር ብር ከጎንደር ይዛችሁ ውጡ።

በቅሎዎቹ ሁልጊዜ በእናንተ መንገድ አይሄዱም። ግጭና እመት ጎጎ ስትዞሩ እነሱ በአቋራጭ ቀድመው ካምፕ ይደርሳሉ። ምሳ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብና ሁለት ሊትር ውሃ በጀርባችሁ ይሁን።

ምግብ ላይ አንድ ነገር ረስታችኋል፦ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። አብሳዩም ነጂዎቹም ሊጾሙ ይችላሉ፣ ከእናንተም የሚጾም ይኖራል። በሥጋና በእንቁላል ላይ የተሠራ የምግብ ዝርዝር አይሆንም። በሶ፣ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ ይበቃል። ሽሮን የምመርጠው ለጾም ብቻ አይደለም። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ በ88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ምስርና ሽምብራ አልበስል ብሎ ላምባ ይጨርሳል። ሽሮ ቶሎ ይደርሳል። አስታ (እዚያ ደጋ ላይ የሚበቅለውን ዛፍ) ቆርጦ ማንደድ ክልክል ነው፤ የጋዝ ጣሳም በአውሮፕላን አይጫንም፣ ስለዚህ የላምባ ምድጃ።

ቆላ ወራጅ፦
የጅብራን መንገድ እስማማበታለሁ፣ ግን ከዱባይ የሚመጡት በስምንቱ ቀን ላይ ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ ይጨምሩ። 2,350 ሜትር ገደማ ነው፣ ነጻ ልምምድ ማለት ነው። ቀን ከተረፋችሁ ጨነቅ ላይ አንድ ቀን ጨምሩ እንጂ አምቢቆ ላይ አትጨምሩ። በዚያ ቀን ቧሂትን (4,430) እንውጣ የሚሉ አሉ፤ እኔ ለጀማሪ አልመክርም፤ እስከ 4,200 ደርሶ፣ ዋልያ አይቶ፣ ወርዶ መተኛት ይበቃል።

መድኃኒት፦ የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ዲያሞክስ የሚባለው ክኒን 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይነካውም። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ይነዝራል፣ የለስላሳ ጣዕም ይበላሻል፤ እነዚህ አያስደንግጡ። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፦ ተረከዝን ከጣት እያገጣጠመ ቀጥ ባለ መስመር መሄድ ያቃተው፣ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው። ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል።

ብርድ፦ ጨነቅና ግጭ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ ከተጻፉት ቁጥሮች የመጨረሻውን ዝቅተኛ አትመኑ፣ የ«ምቾት» የሚለው ከዜሮ በታች 5 ይሁን። ብርዱ የሚገባው ከመሬት ስለሆነ ቀጭን ፍራሽ ከሆነ ሁለት ደርቡ። ስልክና ባትሪ አብሯችሁ ይተኛ። መሸሃ ላይ ግን ቀትር ላይ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ያን ቀን ሦስት ሊትር ያዙ። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ በዚያ ከፍታ ለሦስት ደቂቃ ይንተክተክ።

ጀማሪ ተጓዥ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የጫፉን ቀን ስንት ሰዓት እንነሣ? በሰባተኛው ቀን መኪና አምቢቆ ድረስ መምጣት ይችላል?

ጅብራ፦
ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሡ፣ የግንባር ባትሪ ለእያንዳንዱ። 1,350 ሜትር መውጣት ነው፣ አምስት ሰዓት አካባቢ። ከቀኑ 6 ሰዓት የትም ብትሆኑ ተመለሱ። መጨረሻው በእጅ እየተያዘ የሚወጣ ድንጋይ ነው። ሦስት የሚመሳሰሉ ጫፎች ስላሉ የትኛው ከፍ ይላል የሚል ክርክር ይነሣል፤ ትምህርት ቤት የተማርነው 4,620ም አሁን 4,550 ነው የሚባለው።

መኪናው አምቢቆ አይደርስም። መንገዱ ግን ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃን አሞራ ይወርዳል፣ ጭሮ ለባ ላይ እንዲጠብቃችሁ ከተስማማችሁ የዳገቱን ብዙውን ክፍል ትገላገላላችሁ። ስልክ ላይይዝ ስለሚችል ቀኑንና ሰዓቱን ደባርቅ ላይ ጨርሱ።

በቅሎ ቤት፦
ከሁሉ በፊት ግን፦ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ባለው ግጭት የመንገዱ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። አዲስ አበባ ያለ አስጎብኚ «ሰላም ነው» ስላለ አትነሡ። ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ራሱን ጠይቁ፣ በመነሻችሁ ሳምንትም ድገሙት። ለበቅሎና ለመኪና ቀብድ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው።