ዳን ዲርዶርፍ እንዴት ከላይንማንነት ወደ ማይክ ገባ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የድሮ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ጨዋታዎችን እያየሁ ነው። አንዱ ተንታኝ ጆሮዬን ያዘው። ሌላው ሁሉ ኳሱን ሲከተል፣ እሱ ፊት ለፊት ተጋጥመው ስለሚገፋፉት ግዙፎች ያወራል። ሳጣራ ዳን ዲርዶርፍ ይባላል፣ ራሱም ላይንማን ነበር አሉ። እኔ ላይንማን ሲባል ባንዲራ የያዘው የመስመር ዳኛ ነበር የመሰለኝ፣ አትሳቁ። ማይክ የሚሰጠው ለኳርተርባክ (ማጥቃቱን ለሚመራውና ኳሱን ለሚወረውረው) ወይም ለአሰልጣኝ አይደል እንዴ? ይሄ ሰውዬ እንዴት ገባ? ለምንስ አቆመ?

መልስ 1፦
አልሳቅንም (ትንሽ ብቻ)። ላይንማን ማለት ኳሱ ሲጀመር ከመስመሩ ላይ ጎንበስ ብለው የሚጋጠሙት ናቸው። ዲርዶርፍ በማጥቃት በኩል በቀኝ ታክል (ከመስመሩ በቀኝ ጫፍ) ነበር የሚጫወተው። ሥራው ኳርተርባኩን ከተከላካዮች መጠበቅና ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው፤ ጥሩ ሲሠራ ማንም አያየውም፣ አንዴ ሲያመልጠው ግን አገር ምድሩ ያየዋል። በ1949 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በካንተን፣ ኦሃዮ ተወለደ። የፉትቦሉ የዝና አዳራሽ ያለው እዚያው ከተማ ነው፤ ሲከፈት ልጁ 14 ዓመቱ ነበር። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ1971 በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በሁለተኛው ዙር ለሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ቡድን ተመረጠ፣ 13ቱንም ዓመት እዚያው ጨረሰ። እኔን የሚገርመኝ 1975 ነው። በ14 ጨዋታ ኳርተርባካቸው ሳይወረውር ተይዞ የወደቀው 8 ጊዜ ብቻ ነው፣ ለዚያን ጊዜ ሪከርድ ነበር። በ1979 ጉልበቱ ተጎድቶ ሲዝኑን ከሞላ ጎደል አጣው፣ በዓመቱ ተመልሶ ለስድስተኛ ጊዜ ፕሮ ቦውል (የምርጦች ጨዋታ) ገባ።

መልስ 2፦
ማይኩን ያገኘው በአፉ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ጨዋታ አቁሞ ሬዲዮ ላይ ሠራ፣ ከዚያ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ወሰደው፣ በ1987 ሌላው ጣቢያ ኤቢሲ በሰኞ ምሽቱ ጨዋታ ከአል ማይክልስና ከፍራንክ ጊፎርድ ጋር አስቀመጠው። 12 ሲዝን ቆየ፤ ከዚያ ከ1999 ጀምሮ ተመልሶ ሲቢኤስ። እንደኔ እንደኔ ግን ሰውዬው ወሬ ያበዛል፣ አንዱን ነገር ሦስቴ እያዞረ ይነግርሃል፣ ሪፕሌዩ አልቆ ቀጣዩ ኳስ ተጀምሮ እንኳ እሱ ገና ካለፈው አልወጣም።

መልስ 3፦
ወሬ አብዝቷል በሚለው እስማማለሁ፣ ግን እኮ ከመሐል ሆኖ ያየ ሰው ነው። ከሩቅ ለሚያየው እዚያ ውስጥ ያለው ዝም ብሎ ግርግር ነው። ሯጩ ስምንት ያርድ ሲሄድ እኛ እግሩን እናደንቃለን፣ እሱ ማን ማንን ገፍቶ ክፍተቱን እንደፈጠረ ያሳይሃል። የዝና አዳራሹም በ1996 በተጫዋችነት አስገባው፣ በ2008 ደግሞ የፒት ሮዜል የብሮድካስት ሽልማት ተሰጠው። ሁለቱንም ያገኘ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።
ለምን አቆመ ላልከው፣ ድምፁ ደህና ነበር። እግሩ ነው እምቢ ያለው። ጉልበቱም ዳሌውም በሰው ሠራሽ ተቀይሮለት፣ በየሳምንቱ ከኤርፖርት ኤርፖርት መንከራተት ከበደው። በ2013 ሲዝን መጨረሻ ቲቪውን ተወ። ግን አፉ መቼ ዝም ይላል፣ ወዲያው የሚሺጋንን ጨዋታ በሬዲዮ ጀመረ፤ አጠገቡ የነበረው ጂም ብራንድስታተርም የዩኒቨርሲቲ ቡድን ጓደኛው፣ እሱም ላይንማን! እስከ 2021 አብረው ሠሩ።

መልስ 4፦
መልስ 1፣ አንድ ነገር ረስተሃል። በ1982 ወደ ሴንተር አዛውረውታል። ስለዚህ በዚያ ሲዝን ኳሱን በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ የሚያቀብለው እሱ ነበር። ላይንማን ሆኖም ኳስ ነክቷል 😀

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ የቲቪ ጨዋታው የቱ ነበር? ፈልጌ ልየው።

መልስ 3፦
ጃንዋሪ 11 ቀን 2014፣ ፓትሪየትስ ከኮልትስ፣ 43 ለ 22። ፓትሪየትስ ስድስት ተችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚ መጨረሻ ክልል ማድረስ) አገቡ፣ ስድስቱም በሩጫ፣ በቅብብል አንድም የለም። ለላይንማን ከዚህ በላይ ምን ሽኝት አለ? ስታየው ኳሱን ተወውና ፊት ያሉትን ተመልከት።