ማኮይን በአማርኛ ምን ልበለው?

ጠያቂ፦ ከእናቴ ጋር ስታር ትሬክ የተባለውን የድሮ የጠፈር ተከታታይ ፊልም እያየን ነው፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ካፒቴን ከርክ ሐኪሙን ማኮይን «ቦንስ» ሲለው «አጥንት» ብዬ ተረጎምኩላት። ስኒዋን አስቀምጣ «ምኑ ከሳና ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? በአካል ክፍል የሚጠሩ ሌሎች ገጸ ባሕርያትስ አሉ?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ነገሩ ከክሳት ጋር አይገናኝም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የቀዶ ሕክምና ባለሙያን ድሮ «አጥንት መጋዥ» ይሉት ነበር፤ ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን እጅና እግር በመጋዝ ይቆረጥ ነበርና። «ወጌሻው» በያት።

መልስ 2፦ ወጌሻ ይጠግናል እንጂ መቼ ይቆርጣል! «አጥንት» የሚያምርባት ከ2005 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በታየው «ቦንስ» የተባለ ተከታታይ ፊልም ያለችው ዶክተር ብሬናን ናት። ከአጽም የሟቹን ማንነት ትለያለች። ስሙን ያወጣላት የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ባልደረባው ቡዝ ነው፤ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ሲጠራት ትቆጣ ነበር።

መልስ 3፦ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ያለው ቤይሊሽስ? «ትንሹ ጣት» የተባለው ቁመቱ አጭር ስለነበረና የቤተሰቡ ርስት «ጣቶች» ከሚባሉት የባሕር ዳር መሬቶች ከሁሉም በሚያንሰው ላይ ስለሆነ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ጠያቂ፦ «ወጌሻው» አልኳት። «ታዲያ ማሻ ቅቤው የት አለ?» ብላኛለች።