ፐርሰናል ትሬነር ለመሆን ፈተናው ላይ ምን ይጠበቃል? (አሜሪካ ያላችሁ እርዱኝ)

ብርቱ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ሰላም ሰላም። ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ብረት መግፋት የጀመርኩት ገና ተማሪ ሆኜ ነው፣ አዲስ አበባ እያለሁም የሰፈር ልጆች ሲጀምሩ እኔን ነበር የሚጠይቁት። እዚህ ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ አሁን ግን የምወደውን ነገር እንጀራዬ ላደርገው አስቤያለሁ። ሰፈሬ ያለው ጂም ገብቼ ሥራ ስጠይቅ መጀመሪያ ያሉኝ «ሰርቲፋይድ ነህ?» ነው። ከዛ ወዲህ ስለ ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅቶች ሳነብ ናዝም፣ ኤይስ፣ ኤን ኤስ ሲ ኤ፣ ኤ ሲ ኤስ ኤም... ስማቸው ብቻ ራስ ያዞራል። የናዝምን መጽሐፍ ከአንድ ልጅ ተውሼ ሳገላብጠው ደግሞ አጥንት አለ፣ ነርቭ አለ፣ ልብ አለ፣ ሳይኮሎጂ ሳይቀር አለ። ይሄን ሁሉ መሸምደድ ነው ወይስ ዋናው ይሄ ነው የሚባል ነገር አለው? የቱስ ይሻለኛል? ያለፋችሁ እስኪ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

አሠልጣኝ_አሌክሳንድሪያ፦

እንኳን ደህና መጣህ ወደ መከራው 😀 ከስሞቹ ልጀምርልህ። የጠራሃቸው አራቱም ኤን ሲ ሲ ኤ የሚባለው አካል እውቅና የሰጣቸው ፈተናዎች አሏቸው። ጂሞች የሚያዩት እሱን ነው፣ ስለዚህ ከአራቱ አንዱን ያዝና ወደ ሥራህ ግባ። «የቱ ይሻላል» የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ግን ልዩነት የለም ማለቴ አይደለም። ኤ ሲ ኤስ ኤም በ1954 የተቋቋመ የሐኪሞችና የሳይንቲስቶች ማኅበር ስለሆነ ወደ ጤናው ያደላል። ኤን ኤስ ሲ ኤ ወደ ጉልበትና ስፖርተኛ ያደላል። ኤይስ ሰውን ልማድ ማስለወጥ ላይ ብዙ ይጠይቃል። ናዝም ደግሞ ኦ ፒ ቲ የሚባል የራሱ ባለ 5 ደረጃ ሞዴል አለው፣ እሱን ካላወቅህ ፈተናውን አትሞክረው።

ቁጥሩን ከፈለግህ ናዝም 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነው፣ 20ዎቹ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም። የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነግሩህም። ማለፊያው 70 ነው። ኤይስ 150 ጥያቄ በ3 ሰዓት፣ ማለፊያው ከ800 500። መጽሐፍ እየገለጥክ ቤትህ የምትሠራው ዓይነት ርካሽ ሰርተፊኬትም ገበያ ላይ አለ። ከመክፈልህ በፊት የሚቀጥርህን ጂም «ይሄን ትቀበላላችሁ?» ብለህ ጠይቅ።

ሌላው ሲፒአርና ኤኢዲ ነው፣ ልቡ ለቆመ ሰው ደረት የመጫንና በኤሌክትሪክ ማሽን ልቡን የማስነሳት ሥልጠና ማለት ነው። ያለሱ አይሆንም። በቪዲዮ ብቻ የሚሰጠውን እንዳትገዛ፣ በአካል ሄደህ አሻንጉሊቱ ደረት ላይ የምትሠራበትን ያዝ። ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ትጫናለህ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች። ሁለት ደቂቃ ስትሠራው ክንድህ ምን እንደሚሆን ታያለህ፣ ብረት ገፊ ነኝ ማለትህን ትተዋለህ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ሙያ እንደ ነርስነት የመንግሥት ላይሰንስ የሚጠየቅበት አይደለም። ሰርተፊኬቱን የሚፈልጉት ቀጣሪህና የተጠያቂነት ኢንሹራንስ የሚሸጥልህ ድርጅት ናቸው። ካገኘኸው በኋላም ማሳደስ አለ፣ ናዝምም ኤይስም በየ2 ዓመቱ ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ተጨማሪ ትምህርት ይጠይቃሉ።

ቤቲ_ፊዚዮ፦

ወንድሜ፣ የምሠራው ፊዚካል ቴራፒ ክሊኒክ ነው፣ የናዝምንም ወስጃለሁ። «መሸምደድ ነው ወይ» ላልከው፣ የጡንቻ ስም ብቻ የሸመደደ ሰው እዛ ፈተና ላይ ይወድቃል። ጥያቄው «ይሄ ጡንቻ ማን ይባላል?» ብሎ አይመጣም። «ደንበኛህ ኦቨርሄድ ስኳት (እጅ ወደ ላይ ዘርግቶ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ሲሠራ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የቱን ታጠናክራለህ?» ብሎ ነው የሚመጣው።

እሱን እናየው። ሰውዬውን ጫማ አስወልቀህ ታቆመዋለህ፣ እጁ ወደ ላይ፣ እግሩ በትከሻው ልክ፣ ጣቱ ወደ ፊት። አምስት ጊዜ ያህል ወረድ ብሎ ይነሳ። አንተ ከፊትም ከጎንም ታያለህ። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ብዙ ጊዜ የጭኑ የውስጥ ጡንቻዎች ተኮማትረዋል፣ ግሉቲየስ ሚዲየስና ግሉቲየስ ማክሲመስ የሚባሉት የመቀመጫ ጡንቻዎች ደክመዋል። እጁ ወደ ፊት ከወደቀ ላት (የጀርባው ትልቁ የጎን ጡንቻ) እና ደረቱ ጠብቀዋል፣ መሀል ጀርባው ሰንፏል። እግሩ ወደ ውጭ ከዞረ ባቱን ተመልከት። የጠበቀውን ትዘረጋለህ፣ የደከመውን ታጠናክራለህ። ይሄን አስተሳሰብ ከያዝክ መጽሐፉ ግማሹ ይቀልልሃል። እናትህን፣ ጓደኛህን፣ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ አስወርደህ እይ።

ጡንቻ እንዴት እንደሚሠራም አትለፈው። ስኳት ስትወርድ የፊት ጭንህ ጡንቻ እየረዘመ ነው የሚሠራው፣ ያ ኤክሰንትሪክ ነው። ስትነሳ እያጠረ፣ ኮንሰንትሪክ። ቴምፖ (የእንቅስቃሴው ፍጥነት) 4/2/1 ሲሉህ 4 ሰከንድ መውረጃ፣ 2 መቆሚያ፣ 1 መነሻ ማለት ነው። ከኦ ፒ ቲው ደግሞ እያንዳንዱን ደረጃ ከነቁጥሩ ያዝ፦ የመጀመሪያው ማረጋጊያ ነው፣ ከ12 እስከ 20 ድግግሞሽ በቀላል ክብደት። ጡንቻ ማሳደጊያው ከ6 እስከ 12። ከፍተኛ ጉልበት ከ1 እስከ 5፣ ክብደቱ ከአቅምህ 85 በመቶና በላይ፣ እረፍቱም እስከ 5 ደቂቃ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሽምደዳ አይቀርም፣ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ከሁሉም በላይ የምለምንህ ግን የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት ነው። ፓር ኪው የሚባለውን የጤና መጠይቅ ሳታስሞላ ማንንም ብረት እንዳታስነካ። ልብ ሕመም፣ ደረት መውጋት፣ ራስ መሳት፣ የምትወስደው መድኃኒት ብሎ ይጠይቃል። የኛ ሰው «ምንም የለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይልሃል፣ ቦርሳው ውስጥ ግን የደም ግፊት ክኒን አለ። ይሄ ቀልድ አይደለም። አንድ የ40 ዓመት ሰው በእረፍት ላይ ልቡ 70 ይመታል እንበል። ከፍተኛው የልብ ምቱ በግምት 220 ሲቀነስ ዕድሜው 40፣ 180። ሲቀነስ 70፣ 110። የዛ 60 በመቶ 66፣ እሱ ላይ 70 ስትመልስበት 136 ይመጣል፣ እዛ ላይ ላሠራው ትላለህ። ሰውዬው ግን ቤታ ብሎከር የሚባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቱ ልቡን ስለሚይዘው 136 ላይ ላይደርስ ይችላል። አንተ «ሰነፍክ፣ ጨምር» እያልክ ትገድለዋለህ። በዛን ጊዜ የልብ ምት ቁጥሩን ትተህ ድካሙን ከ1 እስከ 10 ስንት እንደሚሰጠው ጠይቀው፣ እየሠራ ማውራት መቻሉንም እይ። ፈተናው ላይ ይሄ ይመጣል፣ ሥራህ ላይ ደግሞ በየሳምንቱ ይመጣል።

የሰላም_ልጅ_ዳላስ፦

ቤቲ ጨርሳዋለች፣ እኔ የጂሙን ወሬ ላምጣ። ሰርተፊኬት ደንበኛ አያመጣም። ትልልቅ ጂሞች መጀመሪያ ላይ ሰው የሚሠራበት አዳራሽ ውስጥ ያቆሙሃል፣ ብረት ታነሳለህ፣ ማሽን ትጠርጋለህ፣ በመሀል ሰው ታናግራለህ። ደንበኛ ለሰዓቱ ከሚከፍለው ላይ የሚደርስህ ድርሻ ደግሞ ያናድዳል። ሳትፈርም የክፍያውን ነገር በደንብ አንብብ።

አበሻ ደንበኛ ላይ ጥሩ ገበያ አለህ፣ ብዙ ሰው በቋንቋው የሚያሠራው ይፈልጋል። ችግሩ ሁሉም «ምን ልብላ?» ይልሃል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ስኮፕ ኦፍ ፕራክቲስ (የሙያህ ወሰን) የሚሉት ምዕራፍ ሰው አሰልቺ ብሎ የሚዘለው ነው፣ ጥያቄ ግን ይመጣበታል። ስለ ፕሮቲን፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጠቅላላ አመጋገብ ማስረዳት ትችላለህ። ለስኳር በሽተኛ የምግብ ፕሮግራም ጽፈህ መስጠት፣ ሕመም መመርመር፣ መድኃኒት አቁም ማለት አትችልም። ወደ ሐኪም ወይም ወደ ዳይቲሺያን (የአመጋገብ ባለሙያ) ትልከዋለህ።

ጾሙን ደግሞ መጽሐፉ አያስተምርህም፣ አንተ ታውቀዋለህ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሰው አለ። ያን ሰው በ8 ሰዓት ከባድ ስኳት አስነስተህ ቢያዞረው ጥፋቱ ያንተ ነው። እኔ ከበላ በኋላ ወደ ማታው አዛውረዋለሁ፣ ካልተመቸው ክብደቱን ቀነስ፣ እረፍቱን ረዘም። ረመዳንም እንደዛው፣ እንደውም ውሃም ስለሌለ ከአፍጥር በኋላ ይሻላል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ፕሮቲን እንዳላቸው ንገራቸው፣ ዱቄት ፕሮቲን ለመሸጥ አትቸኩል።

እናቶች ሲመጡም በአክብሮት ነው። እማማ «ጉልበቴን ያመኛል ልጄ» ካሉህ ስኳት ራክ ጋር አትውሰዳቸው። ወንበር አምጣ፣ «እማማ፣ እስኪ ሳይደገፉ ይነሱ፣ ይቀመጡ» በላቸው። ከዛ ትጀምራለህ። ሕመሙ ከቀጠለ ግን ሐኪማቸው ይይላቸው።

ብርቱ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንደዚህ ትጽፋላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ቤቲ እህቴ፣ የቤታ ብሎከሩ ነገር አስደነገጠኝ፣ አባቴም እሱን ይወስዳል መሰለኝ። በቃ መጽሐፉም እጄ ላይ ስላለ ናዝምን ይዣለሁ። አሁን የሚያሳስበኝ እንግሊዝኛው ነው። አወራለሁ፣ አነባለሁ፣ ግን 2 ሰዓት ውስጥ 120 ጥያቄ... ፍጥነቱ ይኖረኛል?

አሠልጣኝ_አሌክሳንድሪያ፦

ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ነው፣ አብዛኛው አጭር ስለሆነ ይበቃል። የጥያቄውን መጨረሻ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አንብብ፣ ምን እንደሚፈልግ እዛ ነው ያለው። «ፈርስት»፣ «ቤስት»፣ «ኖት» የሚሉት ቃላት ላይ ዓይንህን ጣል። ሁለት መልስ ልክ የሚመስልህ ጊዜ አለ፣ «ፈርስት» ካለ ሁሌ ስለ ደኅንነት የሚያወራውን አስቀድም። ያልገባህን ምልክት አድርገህ እለፍ፣ ከኋላ ትመለስበታለህ። ግምትም ቢሆን ባዶ አትተው።

ቃላቱን ደግሞ በካርድ ያዝ፣ በአንድ በኩል እንግሊዝኛው፣ በሌላው ራስህ በአማርኛ የምታስረዳበት። ፓርኪንጉ ቡዝ ውስጥ ማታ መኪና ሳይኖር ስልክ ከመነካካት እሱን ገልብጥ።

ቤቲ_ፊዚዮ፦

በአማርኛ ማስረዳቱን እደግፋለሁ፣ እኔንም የረዳኝ እሱ ነው። አባትህን ደግሞ የመድኃኒቱን ስም ከብልቃጡ ላይ አንብብላቸው። በኦሎል የሚያልቅ ከሆነ፣ ሜቶፕሮሎል፣ አቴኖሎል እንደሚባሉት፣ ብዙውን ጊዜ ቤታ ብሎከር ነው። የመጀመሪያውን ፓር ኪው ለሳቸው አስሞላ።