ሪዮ ላይ ሳምባ የምታዩ ከሆነ ሰኞን ያዙ

አራት ጓደኛሞች ሆነን ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሰንብተን ከተመለስን ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው። ሳምባ የሚባለው የብራዚል ሙዚቃና ጭፈራ የት ይታያል? ስንትስ ይፈጃል? መልሴ አጭር ነው፦ ሰኞ ሪዮ ሁኑ። ማረፊያ ስትይዙ አንድ ሰኞ ማታ እንዳያመልጣችሁ አድርጉ። ቅዳሜን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ብዙ ከፍላችሁ ጥቂት ትሰማላችሁ።

ምክንያት አለው። የሳምባ ሙዚቀኛ አርብና ቅዳሜ እንጀራው ላይ ነው፤ ለሌላ ሰው ይጫወታል። ለራሱ የሚተርፈው ሰኞ ነው። ሞአሲር ሉዝ የተባለው ሙዚቀኛ ከባልደረቦቹ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ሳምባ ዶ ትራባልያዶርን፣ የሠራተኛው ሳምባ ማለት ነው፣ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቦታው አንዳራይ ሰፈር ያለው ሬናሴንሳ ክለብ ነው። ክለቡን በ1951 ያቋቋሙት የሌሎች ክለቦች በር የተዘጋባቸው ጥቁር የሪዮ ነዋሪዎች ናቸው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጀምርና ማታ 3 ሰዓት አልፎ ያበቃል። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛ፣ ዓመቱን ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) መግቢያ ይከፈላል፤ ትኬቱን ቀደም ብሎ መያዝ ይሻላል። ሜትሮ እስከ ሳኤንስ ፔኛ ሄዳችሁ ከዚያ አጭር ታክሲ ነው።

እዚያ ስትገቡ መድረክ አትፈልጉ። ሙዚቀኞቹ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። ቢራው መሃል ላይ ነው። አንዱ ካቫኪንዮ የምትባለውን ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር ይይዛል፣ አንዱ ጸናጽል ያለውን ፓንዴይሮ፣ አንዱ ደረት የሚመታውን ትልቁን ከበሮ። ሕዝቡ ዙሪያቸውን ቆሞ አብሮ ይዘፍናል። ሮዳ ይሉታል፤ ክብ ማለት ነው። የድሮውን ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ልዩነቱ፣ ስማችሁን ጠርቶ አሞግሶ ብር የሚጠብቅ የለም። ለኪሳችሁ ጥሩ ዜና ነው።

ምንም መክፈል ካልፈለጋችሁ ደግሞ ያው ሰኞ ማታ ፔድራ ዶ ሳል አለላችሁ። ትርጉሙ የጨው ድንጋይ ነው። አሞሌ እንዳይመስላችሁ፤ ድሮ ከመርከብ የወረደ ጨው የሚራገፍበት ቦታ ስለነበር ነው። ወደብ አጠገብ፣ ከፕራሳ ማዋ አደባባይ ጀርባ፣ ደረጃ የተፈለፈለበት አለት ነው። ሮዳው ከታች ነው፣ ሰው ደግሞ አለቱ ላይ ይደረደራል። መግቢያ የሚባል ነገር የለም፣ መንገድ ነው። ቀን ሳይመሽ ደርሳችሁ በእግር የሚኬደውን የቫሎንጎ ወደብ ፍርስራሽ ብታዩ ደስ ይለኛል። በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን በመቶ ሺዎች የወረዱበት ነው፤ ዩኔስኮ በ2017 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚያ መጥቶ ሙዚቃውን መስማትና እንዲሁ ዘሎ መምጣት አንድ አይደለም።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፔድራ ዶ ሳል ዘግይቶ የደረሰ ሙዚቃ ሳይሆን ወሬ ነው የሚሰማው። ይጨናነቃል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ብትገኙ ነው ጠረጴዛውን የምታዩት። ዝናብ ከዘነበ ይቀራል። ስልክ ከኪስ ይወጣልና አንዱን ስልክ ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ስትመለሱም በጨለማ በእግር አትሂዱ፤ ኡበር ጥሩና ለአራት ተካፈሉ፣ ከሜትሮ ብዙም አይበልጥም። ለሙዚቃው ሬናሴንሳ ይበልጣል። ለሙዱና ለዋጋው ፔድራ ዶ ሳል። እኛ ሁለቱንም በአንድ ሰኞ አደረግናቸው፣ እግራችን ግን አልቆ ነበር።

ላፓ የሚባለው ሰፈርስ? ሁሉም ሰው የሚነግራችሁ ላፓን ነው። ነጩ የድሮ የውኃ ድልድይ ያለበት፣ ሲኒላንዲያ ሜትሮ ወርዳችሁ የምትደርሱበት ሰፈር። ሪዮ ሴናሪዩም የሚባለው የሙዚቃ ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ግድግዳው በሙሉ አሮጌ ዕቃ። ያምራል፣ ግን የቱሪስት ቦታ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ካሪዮካ ዳ ጄማ ጠበብ ያለ ነው፤ ሙዚቀኛው ከፊታችሁ ነው። ለአንድ ሌሊት ከፍዬ ልግባ ካላችሁ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ከከተማው ሰው ጋር መጋፋት የፈለገ ደግሞ ቤኮ ዶ ራቶ ይሞክር።

ላፓ ላይ ያስቸገረን ነገር ኮማንዳ ነው። ስትገቡ ካርድ ይሰጧችኋል፣ የጠጣችሁት ይጻፍበታል፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ከእኛ አንዱ በአንድ ቤት ሲጨፍር ካርዱን ጣለ። የጠየቁት ቅጣት ከአራታችን መጠጥ በላይ ነበር። ከግማሽ ሰዓት ክርክር በኋላ ካርዱ ወንበር ሥር ተገኘ። ስለዚህ ካርዱን በጣም ለማይጨፍረው ስጡት። ሂሳቡ ላይ ኩቬርት አርቲስቲኮ የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፤ በነፍስ ወከፍ የሙዚቀኞቹ ነው፣ ሳይቀመጡ መጠየቅ ያዋጣል። 10 በመቶው የአስተናጋጅ ግን ግዴታ አይደለም። እኛ ከፍለናል፤ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲሮጡ ነበር።

መጠጥ ከመንገድ ሻጮች ይረክሳል። በበረዶ ሣጥን ይዘው ይዞራሉ፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ አንድ ጣሳ ቢራ 10 ሪያል አካባቢ ነበር። (የሳዑዲው አይደለም፤ ዶላር ከ5 ሪያል ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የመነዘርነው።) ካይፒሪንያ ሎሚ፣ ስኳርና ካሻሳ የሚባለው የሸንኮራ አረቄ ነው። ይጣፍጣል፣ ያታልላል። ሁሉም ሰው በፒክስ ይከፍላል፤ ያ የባንክ ዝውውር ለአገሬው ነው፣ እናንተ ካርድና ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ሜትሮው ሌሊት 6 ሰዓት ይዘጋል፣ እሑድ ደግሞ 5 ሰዓት።

ካርኒቫል ሊደርስ ሲል ከሄዳችሁ ሌላ ነገር አለ። ከዚያ በፊት ባሉት ቅዳሜና እሑዶች የሳምባ ትምህርት ቤት የሚባሉት የካርኒቫል ቡድኖች ሳምባድሮም በተባለው የሰልፍ ጎዳና ላይ ይለማመዳሉ፣ መግቢያውም ነጻ ነው። ያለ ላባና ያለ ጌጥ ነው፣ ከበሮው ግን ያው ከበሮ ነው። የዋናውን ቀን ትኬት ዋጋ ካያችሁ በኋላ ይህን ትወዱታላችሁ።

እሑድ ባዶ ከሆነላችሁ ራቅ ብሎ ካሲኪ ዴ ራሞስ የሚባል የካርኒቫል ክለብ አለ። ግቢው ውስጥ ትልቅ የሁመር ዛፍ አለ። በ1970ዎቹ ባንጆ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ ወደ ሳምባ ያስገቡት ልጆች እዚያ ሥር ነው ሲጫወቱ የነበረው። ሩቅ ስለሆነ ታክሲው ለሁለት ሰው አያዋጣም፣ ለአራት ያዋጣል።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ምንም አትያዙ። እኛ ለክርስቶስ ሐውልት የማለዳ ትኬት ቆርጠን ነበር፤ ሰዓት የተጻፈበት ነው። ከአራታችን በሰዓቱ የደረሰው ካይፒሪንያ የማይጠጣው ብቻ ነበር።