ፓምፑ ሲጠፋ አርዱይኖዬ ሪሴት ያደርጋል

ሮቶ_ጠባቂ፦
ሰላም፣ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከታች ካለው ታንከር ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚገፋ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ፓምፕ አለን፣ እሱን በአርዱይኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ) እና በባለ 5 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ሞጁል አውቶማቲክ አደረግኩት። ሲበራ ሰላም ነው። ሲጠፋ ግን ሪሌዩ ቀጭ ሲል ኤልሲዲው ላይ የማይነበብ ጉድ ይመጣል፣ አንዳንዴማ ጭራሽ ሪሴት ያደርጋል። ኮዱን ሶስቴ እንደ አዲስ ጻፍኩት፣ ወይ ፍንክች።

ኮተቤ_ሶልደር፦
ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) ነው የጎደለህ። አንድ 1ኤን4007 ፓምፑ ላይ በተቃራኒ እሰርበት አለቀ፣ እኔ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ሞተር ላይ አድርጌው ሰርቷል።

ፌዝ_ኒውትራል፦
ኧረ እንዳትሞክረው!! የእሱ 12 ቮልት ዲሲ ነው፣ ያንተ 220 ኤሲ፣ አቅጣጫው የሚገለባበጥ። ኤሲ ላይ ዳዮድ ካሰርክ በየግማሽ ሳይክሉ ሾርት ነው፣ ወይ ዳዮዱ ይፈነዳል ወይ ብሬከሩ ይወድቃል።
መጀመሪያ ጥፋቱን ለይ። ብሬከር አጥፍተህ የፓምፑን ሽቦ ከሪሌዩ ንቀልና ባዶውን ደጋግመህ አብራው አጥፋው። ያኔም ሪሴት ካደረገ ፓወር ሰፕላይህ ነው፣ የሪሌዩ ኮይል (ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ) ብቻውን ወደ 70 ሚሊአምፒር ይስባል። ካላደረገ ግን የሪሌዩ ኮንታክት (የሚገጥሙትና የሚለያዩት ብረቶች) ላይ ያለው ብልጭታ ነው፣ የሞተር ጥቅል ከረንቱን ድንገት ስትቆርጥበት እሺ ስለማይል ቮልቴጁን ሽቅብ ይሰደውና ክፍተቱን በእሳት ይዘለዋል፣ ያ ብልጭታ ደግሞ በየሽቦህ ይገባል።
መድኃኒቱ ስነበር (ብልጭታውን የሚውጥ ሰርኪት) ነው፦ 100 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አያይዘህ በፓምፑ ሁለት ጫፎች መሃል። ካፓሲተሩ የግድ ኤክስ2 (ለ220 መስመር የተሰራ) የሚል ይሁን፣ ተራው ሾርት ሆኖ ቤት ያቃጥላል። ከሞተ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ጋ ታገኛለህ፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ ሳጥን ነው። ኮንታክቱ ላይ የሚያስሩት አሉ እኔ ግን አልወድም፣ ሪሌዩ ጠፍቶም 7 ሚሊአምፒር ገደማ ያሳልፋል፣ ጠፍቷል ብለህ ስትነካው ይነዝርሃል።

ኮተቤ_ሶልደር፦
ልክ ነህ፣ ኤሲ መሆኑን ሳላይ ነው፣ ይቅርታ። ሞጁሉ ላይ ጄዲ ቪሲሲ የሚል ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ ቆብ) ካለ ግን ንቀለውና ለኮይሉ የራሱን 5 ቮልት ቻርጀር ስጠው፣ የሁለቱን ግራውንድ አታገናኝ። ጃምፐሩ እስካለ ኦፕቶካፕለሩ (ሁለቱን ወገን በብርሃን ብቻ የሚያገናኘው መለያያ) ጌጥ ነው።

ሮቶ_ጠባቂ፦
ባዶውን 30 ጊዜ ያህል አስጮህኩት ምንም የለም፣ ስለዚህ ፓምፑ ነው። ስነበሩን ካሰርኩ ወዲህ ሪሴቱ ቆመ፣ ተባረኩ! ግን አሁንም አልፎ አልፎ ሮቶው ሳይሞላ ሞላ ይለኛል። መሙላቱን የሚያሳውቀው የተንሳፋፊ ስዊች ሽቦ ከጣሪያ 12 ሜትር ይወርዳል፣ ከፓምፑ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ።

ፌዝ_ኒውትራል፦
በአንድ ቱቦ? ይሄንን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ 😂 አውጣው፣ በኔትወርክ ኬብል አንድ ጥንድ ለብቻው አምጣው። የአርዱይኖውን የውስጥ ፑልአፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር) አትመነው ለዚህ ርዝመት ደካማ ነው፣ ከውጭ 1 ኪሎ ኦም አድርግና ፒኑ ስር 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ጨምር።

ሮቶ_ጠባቂ፦
እሺ፣ ቅዳሜ ጣሪያ እወጣለሁ። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ከቢጫዋ ካፓሲተር ጎን ትንንሽ ሰማያዊ ክቦች ነበሩ፣ ይጠቅማሉ ወይስ ልጣላቸው?

ፌዝ_ኒውትራል፦
እነሱ ዋይ የሚባሉ ካፓሲተሮች ናቸው፣ ከመስመር ወደ መሬት ሽቦ የሚታሰሩ። አትጣላቸው፣ ግን እዚህ ስራ ላይ አታስገባቸው።